ድንበር የለሹ ካርድ

ለሥራ ሲሉ ባሕር የተሻገሩ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ። ባሕር ላለመሻገር ሲሉ ባሕር የተሻገሩት ግን፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ የከተማችን ምክር ቤት የውጭ ጉዞ ቅነሳ ንዑስ ኮሚቴ አባላት ብቻ ናቸው። ይህን ታላቅ ሥራ በጽሑፍ ማስቀመጥ የሚገባው ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር። ሆኖም እኔ ዲስማስ፣ የምክር ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ፣ መመዝገብ ልማዴ ስለሆነ፣ ደግሞም በዚህ ታሪክ ውስጥ የአውራ ጣት ስፋት ያላትን አንዲት ወረቀት የለጠፍኩት እኔው ስለሆንኩ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ።

የተጀመረው ከናይሮቢ በመጣ ደብዳቤ ነው። ምክር ቤቶች የውጭ ጉዞ አብዝተዋልና ይቀንሱ ይላል። ሌላ ከተማ ቢሆን ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ይከተውና ይረሳው ነበር። የእኛ ሊቀመንበር ክቡር ዛብሎን ኦሚቲ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው አይደሉም። በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ።

«ፕሮቶኮሉ ሁሉ እንደተጠበቀ ሆኖ» አሉ። ያለዚህ ቃል እንኳን ንግግር፣ የማዕድ ጸሎትም አይጀምሩም። «አንድን ነገር ሳያውቁ መቀነስ ድፍረት ነው። ከቤቱ የማይወጣ ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር ሄደን በዓይናችን ማየት አለብን። እንዲህ ያለ ሕዝብ ደግሞ እዚህ የለም። እዚህ ሁሉም ከቤቱ ይወጣል።»

«እውነት ነው!» አለ ጉባኤው።

ተፈልጎ ተፈልጎ በሰሜን በኩል አንድ ቀዝቃዛ አገር ተገኘ። እዚያ በብርድ ወራት በረዶ ደጁን ስለሚዘጋው ሰው ከቤቱ አይወጣም ተባለ። መጀመሪያ ሰባት ሰው እንዲሄድ ታስቦ ነበር፤ ክቡር ሊቀመንበር ቆራጥ ናቸውና ወደ አምስት አወረዱት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት የውጭ ጉዞ ተቀነሰ ማለት ነው። ኮሚቴው ከመቀመጫው ሳይነሳ ውጤት አስመዘገበ። እኛም አጨበጨብን።

በዚያው ወር ምክር ቤታችን ከወረቀት ወደ ዘመናዊ አሠራር ተሸጋግሮ ነበር። ሃያ ዓመት ያገለገለው የጎማ ማህተም በክብር ጡረታ ወጥቶ፣ መግቢያው አዳራሽ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ከግምጃ ቤቴ ማንኪያ እንኳ የሚወጣው ክቡር ሊቀመንበር በአዲሱ ታብሌት ላይ በጣታቸው ሲፈርሙ ብቻ ነው። ፊርማው ወዲያው የቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ይታያል፣ እኔም በሩን እከፍታለሁ። በቃል ትእዛዝ ዕቃ ማውጣት ፈጽሞ ክልክል ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ጠባቂ «አውጣ ተብዬ» ብሎ አንድ ጎማ ስላወጣ ጡረታውን አጥቷል። እኔ ደግሞ ለጡረታ አሥራ አራት ወር ነው የቀረኝ።

«ክቡር ሊቀመንበር ሲሄዱ ታብሌቱስ?» ብሎ ጠየቀ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቶቢያስ። ቶቢያስ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥያቄ ይጠይቃል እንጂ መልሱን አይከታተልም።

«ጣቴ በሄደበት ታብሌቱ ይሄዳል።»

«ውጭ አገር ኢንተርኔት ከየት ያገኛል?»

ያን ጊዜ ነው ክቡርነታቸው ከደረት ኪሳቸው ያንን ካርድ ያወጡት። ዓለም አቀፍ ሲም ካርድ ነው። በየትኛውም አገር ይሠራል፣ በየትኛውም መሣሪያ ይገባል፤ በሦስት መጠን የተበጀ ስለሆነ ትልቁ ውስጥ መካከለኛው፣ መካከለኛው ውስጥ ትንሹ አለ፣ የሚፈለገው በጣት ተገፍቶ ይወጣል።

«ይህ ካርድ ድንበር አያውቅም!» አሉ ከፍ አድርገው ይዘው። «ቪዛ አይጠየቅም። አውሮፕላን ማረፊያ አይሰለፍም። የሰው ልጅ እንደዚህ ካርድ ቢሆን ኖሮ ዓለማችን ስንት ጦርነት በቀረላት! እኔ እዚያ በረዶ ላይ ቆሜ፣ እናንተ እዚህ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ፣ ጣቴ ከመካከላችሁ አይለይም!»

የጉባኤያችን ፓስተር ተነሥተው ጸለዩበት። ከጸሎቱ በኋላ ቶቢያስ ትንሹን ገፋ አድርጎ ሊያወጣ እጁን ቢዘረጋ፣ ክቡርነታቸው እጁን መታ አደረጉት።

«የሕዝብ ንብረት ልትሰብር?»

«ኧረ ክቡር ሊቀመንበር፣ ተገፍቶ እንዲወጣ ሆኖ ነው የተሠራው።»

«ንብረት እንዲሰበር ሆኖ አይሠራም። ደግሞ ለምን ትንሹ? ይህን የሚያህል ልዑካን በትንሽ ካርድ?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ንብረት ሁሉ ቁጥር ይለጠፍበታልና ታብሌቱን 417፣ ካርዱን 418 ብዬ መዘገብኩ። የታብሌቱን ቁጥር የት ልለጥፍ ብል፣ ክቡርነታቸው ጠርዙን በጣታቸው አሳዩኝ።

«እዚህ፣ ካርዱ የሚገባበት አፍ ላይ። ሌባ ካርዳችንን መዞ እንዳይወስድ።»

«ካርዱ ሳይገባ ነው የምለጥፈው ክቡር ሊቀመንበር?»

«ካርዱ የሚያስፈልገው ውጭ አገር ነው። ውጭ አገር ስንደርስ ይገባል። አንተ ለጥፍ።»

ለጠፍኩ። ስለጥፍም አውራ ጣቴ ጠርዙ ላይ አንድ ነገር አየች፤ እሷን በቦታዋ አመጣታለሁ። ለጊዜው ዝም አልኩ። ግምጃ ቤት ጠባቂ የሚጠየቀው ቁጥር እንጂ ሐሳብ አይደለም፤ ዝም ደግሞ አይነቅዝም።

ልዑካኑ በዘፈንና በእልልታ በረሩ። በሦስተኛው ቀን ሐይቃችን ዳር ዓሣ ማውረጃው ወደብ ላይ ያለው የበረዶ ማሽን ሞተሩ ተቃጠለ።

ይህ በሌላ ከተማ መከራ ነው። እኛ ዘንድ ግን አርቆ አሳቢ ምክር ቤት ስላለን መለዋወጫ ሞተር ካቻምና ተገዝቷል። ቁጥሩ 233 ነው። በላስቲክ እንደተጠቀለለ ግምጃ ቤቴ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ከውጭም ይታያል። ሞተሩ አልጠፋም፤ ቁልፉም በኪሴ ነው። የጎደለው አንድ ጣት ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከአርባ የማያንሱ ዓሣ ሻጭ ሴቶች መስኮቴ ሥር ተሰለፉ። መሪያቸው ማማ ኮንሶላታ ናት፤ ድምፅዋ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ይሰማል። ከመካከላቸው ባለቤቴ ፐርፔቱዋ ቆማለች፤ እንደማታውቀኝ ሆና ወደ ሞተሩ ታያለች። ያለ በረዶ ጎህ ሲቀድ የወጣው ዓሣ ቀትር ላይ ይሞታል፣ ማለቴ ሁለተኛ ይሞታል። ከቀትር በፊት ነጋዴው በጠራው ዋጋ ካልሸጡት ለውሻ ነው።

«ዲስማስ ወንድሜ» አለች ማማ ኮንሶላታ፣ ጉንጯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ «ያ ላስቲክ ለብሶ የተቀመጠው ሙሽራ ማን ነው?»

«ሞተር ነው።»

«ታሟል እንዴ? ለምን አይወጣም?»

«ፊርማ የለውም ማማ። ክቡር ሊቀመንበር ከውጭ አገር ይፈርሙና…»

«ቁልፉስ?»

«ቁልፉ አለ።»

«በሩስ?»

«በሩም አለ።»

«እጅ አለህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ፐርፔቱዋ አልሳቀችም። እኔ ደንቡን አነበብኩላቸው፤ አንብቤ ስጨርስ አንዲቱ የትናንት ዓሣ ከሳህኗ አንሥታ መስኮቴ ደፍ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ሽታው ደንቡን እንዲያደምጥ።

ወደ ጸሐፊው ቶቢያስ ሄዱ። ቶቢያስ ቆሞ ተቀበላቸው፣ ሻይ በወተት አዘዘላቸው፣ ከልቡም አዘነ።

«ሥልጣኑ የለኝማ እህቶቼ። ሥልጣኑ ታብሌቱ ውስጥ ነው።»

«ያ መስታወት ውስጥ ያለው ማህተምስ?»

«እሱ ጡረታ ወጥቷል።»

«ዓሣ ግማቱ ካናቱ» አለች ማማ ኮንሶላታ ሻይዋን እየጠጣች። ቶቢያስ አባባሉን ወደደውና ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሮዝሊን ደወለችልኝ። ሮዝሊን የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ናት፣ ጎረቤታችንም ናት፤ ከልዑካኑ ጋር ሄዳለች።

«ዲስማስ፣ ትሰማኛለህ?»

«ጥርት አድርጌ! ካርዱ ሠራ ማለት ነው?»

«የምን ካርድ! በሆቴሉ ዋይፋይ ነው በራሴ ስልክ የምደውለው። እዚህ ኢንተርኔት በነፃ ነው፣ ሽንት ቤት ውስጥ እንኳ አለ።»

«ታዲያ ታብሌቱን በሱ አያይዙታ! ሴቶቹ ሊበሉኝ ነው።»

«ነገርኳቸው። ‹የምክር ቤታችን ምስጢር በሰው መረብ አይሄድም› አሉ። ምስጢሩ ምንድን ነው ብላቸው ‹እሱም ምስጢር ነው› አሉኝ።»

«ካርዱስ?»

«ካርዱማ ሳይሰበር እንዳለ ነው። መጀመሪያ ታብሌቱ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ከሥሩ አደረጉት። ትናንት ለእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ አሳዩአት፣ የክፍላቸው መክፈቻ መስሏት በራቸው ላይ ስታሻሸው ዋለች።»

«አገሩስ? እውነት ሰው ከቤቱ አይወጣም?»

«ምን አይወጣም! ሕፃን ሽማግሌው በረዶ ላይ ሲንሸራተት ነው የሚውለው። ከቤት የማንወጣው እኛ ብቻ ነን።»

ልዑካኑ ያን ያህል መንገድ ሄደው ከቤት አለመውጣትን ከራሳቸው ተማሩ። ይህን ትምህርት በነፃ የሚያገኘው ስንቱ ነው?

በረዶ እዚያ ደጃፍ ዘግቶ፣ እዚህ ላንቃ የሚያረጥብ ጠፍቶ አራት ቀን አለፈ። ወደቡ ሸተተ። ከዚያ ገበያው ሸተተ። የምክር ቤቱ አዳራሽም መሽተት ሲጀምር ቶቢያስ አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ የሽታውን ምንጭ እንዲያጣራ አዘዘው። ፐርፔቱዋ ቤት ውስጥ የምታናግረኝ በልጃችን በአዶንጎ በኩል ሆነ፤ «አባትሽን ጨው አቀብለኝ በዪው።» በየቀኑ የምትይዘውን ሳህን ግማሹን ደፍታ ትመለሳለች። ለአዶንጎ ትምህርት ቤት መክፈያ ያሰበችው ያንኑ ሳህን ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። ቁልፉ በኪሴ ሆኖ አውቃለሁ።

ሞተሩ በተቃጠለ በሰባተኛው ቀን ሮዝሊን እንደገና ደወለች።

«ምሥራች ዲስማስ! ካርዱ ሊገባ ነው። ትንሹን ከትልቁ ለመለየት ተስማምተዋል፤ ‹መስበር› ሳይሆን ‹ማዋቀር› እንዲባል ተወስኗል። አሁን የቀረው ያንተን ወረቀት መንቀል ብቻ ነው።»

«ይንቀሏታ!»

«ደንቡን ረሳኸው? የንብረት ቁጥር የሚነቅለው የለጠፈው ብቻ ነው። ስለዚህ አንተ እዚህ መጥተህ እንድትነቅል ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ከቀነሷቸው ሁለት ጉዞዎች አንዱን ለአንተ መልሰውልሃል።»

እውነቱን ልናገር። ልቤ ዘለለች። ሃምሳ ስምንት ዓመት በዚህ ሐይቅ ዳር ስኖር አውሮፕላን ያየሁት ከታች ነው።

«ግን» አለች ሮዝሊን፣ «የጉዞ ፈቃድህ የሚፈረመው በታብሌቱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ካርዱ ሲገባ ይፈርሙታል።»

«ካርዱ የሚገባው እኔ መጥቼ ስነቅል አይደለም እንዴ?»

«እሱን ነው እየተወያዩበት ያሉት። ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሰው ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ በዚያው ቀን ቦዳቦዳ የምንለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጬ ሰልባጅ ተራ ሄድኩና አንድ ካፖርት ገዛሁ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አንገቱ ላይ የአውሬ ጠጉር ያለበት። ሻጩ ለስድስት ዓመት ሲሰቅለውና ሲያወርደው ኖሯልና መርቆ ሸጠልኝ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ካፖርቱን ግምጃ ቤቴ ውስጥ እየለካሁ ነበር። ውጭ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ፐርፔቱዋ ምሳዬን ይዛ ገባች። ኡጋሊ የምንለው የበቆሎ ገንፎና ጎመን ነው። ዓሣ የለም።

ሳህኑን ሞተሩ ላይ አስቀመጠችና አየችኝ። ላቤ ካገጬ እየተንጠባጠበ ነው።

«የአዶንጎ አባት» አለች፤ በስምንት ቀን ውስጥ በቀጥታ ያናገረችኝ ያኔ ነው፤ «አሞሃል?»

«ሊልኩኝ ነው። ውጭ አገር። ወረቀቷን እንድነቅል።»

«የትኛዋን ወረቀት?»

አጫወትኳት። ስለ ካርዱ፣ ስለ ደንቡ፣ በሙሉ ድምፅ ስለ መወሰኑ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዓሣ ስትሰነጥቅ የኖረች ሴት ናት፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሳታይ አትገዛም።

«እና ስትነቅላት ከሥሯ ምን አለ?»

«እህ… አፉ ነዋ።»

«አይተኸዋል?»

ካፖርቱ በጣም ሞቀኝ።

«ስትለጥፍ በጣትህ ነክተኸዋል፣ አንተን አውቅሃለሁ፣ ቅቤ እንኳ ሳትዳብስ አትገዛም። ከወረቀቷ ሥር ምን አለ ዲስማስ?»

«ምንም» አልኩ።

«ምን ማለት ነው ምንም?»

«ምንም የለም። ልሙጥ ነው። ከቆሮሶ ዓሣ ሆድ የለሰለሰ። አንዳንዱ ታብሌት ካርድ አይቀበልም፣ የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ነው። ያ ታብሌት አፍ የለውም።»

ይኸው፣ በቦታዋ አመጣታለሁ ያልኳት ይህች ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ፓስተሩ ሲጸልዩ አውቅ ነበር፣ ሴቶቹ ሲሰለፉ አውቅ ነበር። ካፖርቱን ስገዛም አውቅ ነበር፤ እዚያ ደርሼ ነቅዬ «ወይ ጉድ» ለማለት ፊቴን በመስታወት ተለማምጄበታለሁ።

ፐርፔቱዋ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ሳቀች። ሞተሩን ደገፍ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ከዚያ እንባው ቀጠለና ሳቁ ቆመ።

«ስምንት ቀን» አለች። «ስምንት ቀን ሙሉ ዓሣዬን ስደፋ፣ አንተ በረዶ ልታይ?»

አፈርኩ።

«ካፖርቱን አውልቅ» አለችኝ። «ልትሞት ነው።»

አወለቅሁና ሰጠኋት። ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛው ወጣች። ቁልፉ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ይህን ሳወልቅ አውቅ ነበር ወይ? እንግዲህ ዝም አይነቅዝም ብያለሁ። ምሳዬን በልቼ እጄን ታጥቤ፣ ቶቢያስ ዘንድ ሄጄ ራሴን አሞኛል ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። የሕመም ፈቃድ የሚፈረመው በታብሌቱ ስለሆነ አልተሰጠኝም፤ ዛፍ ሥር ሄጄ ተኛሁ።

የሆነውን ያየ ከተማው ነው። ሴቶቹ ሞተሩን በእጅ ጋሪ ጭነው፣ በላዩ ላይ የማማ ኮንሶላታን ጃንጥላ ዘርግተውለት፣ በምክር ቤቱ ፊት ለፊት እየዘፈኑ አለፉ። ቶቢያስ በመስኮት አየና «የማን ሠርግ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ እንደ ልማዱ መልሱን አልተከታተለም። የጀልባ ሞተር የሚጠግነው ሰውዬ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። አሥር ሰዓት ላይ ማሽኑ አጉረመረመና በረዶ ተፋ። ልጆች እየሰረቁ መጠጡት፣ ሴቶች ግንባራቸው ላይ አሻሹት፣ ቶቢያስም ለስላሳው ውስጥ ሁለት አንኳር ጨምሮ ጠጣ። ከየት መጣ አላለም።

ልዑካኑ በሄዱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ክቡርነታቸው ወደቡን አልፈው ሲመጡ ማሽኑ ሲሠራ ሰሙ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ተጠራ። እኔ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ጡረታዬ አሥራ አራት ወር ሲቀራት ልትሞት መሆኗን አውቄ በልቤ ተሰናበትኳት። ሴቶቹ መስኮቱን ሞልተውታል።

«ፕሮቶኮሉ ሁሉ እንደተጠበቀ ሆኖ» አሉ ክቡር ሊቀመንበር፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ «ንብረት ቁጥር 233 ያለ ጣቴ ወጥቷል! ይህ ሌብነት ነው! ማነው ያወጣው?»

ከመስኮቱ ማማ ኮንሶላታ እጇን አነሣች።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ አንዴ ይፍቀዱልኝ። እኛ ያልተማርን ነን። ሲሄዱ ‹ጣቴ አይለያችሁም› ብለውን ነበር፤ እኛም አምነን ነው የጠበቅነው። አሁን ጣትዎ አልመጣም ነበር ማለትዎ ነው?»

ክቡርነታቸው ወደ ቶቢያስ ዞረው አዩ።

«ካልመጣም» አለች በትሕትና፣ «ታብሌቱን አንዴ ያሳዩን። ካርዱ ያልገባው ለምን እንደሆነ አፉን ከፍተን እንየው። አብረን እንንቀለው፣ የለጠፈውም ይኸው እዚህ አለ።»

ክቡርነታቸው ታብሌቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። አየኋቸው። እዚያ ሆቴል ውስጥ፣ ደንብ የሚያስከብር ሰው በሌለበት፣ ወረቀቷን በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው አይተዋል፤ ጠርዟ ተነሥታ በምራቅ ተመልሳ ተለጥፋለች። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሳቸው እኔ እንደማውቅ አወቁ፣ እኔም እሳቸው እንደሚያውቁ አወቅሁ። እንዲህ ያለ መግባባት በባለሥልጣንና በዕቃ ጠባቂ መካከል ሲፈጠር በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ቶቢያስ ቃለ ጉባኤውን እያገላበጠ ተነሣ። «እንደ ደንባችን» አለ፣ «ዕቃ ያለ ፊርማ አይወጣም። ዕቃው ወጥቷል። ስለዚህ ፊርማ አለ።»

«አለ!» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

«ዲስማስ» አሉ ክቡር ሊቀመንበር፣ ቀስ ብለው፤ «ፈቃዴ ደርሶህ ነበር?»

ወደ መስኮቱ አየሁ። ፐርፔቱዋ ካፖርቱን ክንዷ ላይ እንዳጠፈች ቆማለች።

«ደርሶኛል ክቡር ሊቀመንበር» አልኩ። «ጥርት ብሎ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ክቡርነታቸው ግንባራቸውን ጠረጉና ድምፃቸው ተመለሰ፤ ስለ ካርዱ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ከባሕር ማዶ በአንዲት ጣት የሞተ ሞተር እንዴት እንዳስነሡ ሲተርኩ፣ ያወጡት ሴቶች ራሳቸው በመገረም «ኧረ!» ይሉ ነበር። ካርዱ ሳይሰበር፣ ከነሙሉ ክብሩ፣ ከማህተሙ ጎን መስታወት ውስጥ ገባ። ለእኔም በድንበር የለሽ ትእዛዝ ዕቃ ያወጣ የመጀመሪያው ሠራተኛ የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ፊርማ የለውም። ፊርማው በታብሌቱ በኩል ይደርስሃል ተብያለሁ።

ፐርፔቱዋ ቁልፉን በዚያው ምሽት መለሰችልኝ። ጥርሶቹ መካከል ሳሙና ተሰክቷል፤ ቁልፍ ቀራጮች ቅርጽ የሚወስዱበት ዓይነት ሳሙና። አጥቤ ኪሴ ከተትኩት። ምሳዬ ላይ ዓሣ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ለወደቡ መብራት፣ ለጤና ጣቢያው አልጋ፣ ለትምህርት ቤቱ ጠመኔ ሲያስፈልግ ዕቃው በጊዜው ይወጣል፤ እኔ ጠዋት ስገባ ጎድሎ አገኘዋለሁና መዝገቡ ላይ «በማን ፈቃድ» በሚለው ሥር «በዓለም አቀፉ ካርድ» ብዬ እጽፋለሁ። ክቡርነታቸው በየወሩ መዝገቡን እያዩ በካርዱ ቅልጥፍና ይደነቃሉ።

ዝናው ናይሮቢ ደርሷል። የሌሎች ከተሞች ምክር ቤቶች ከእኛ ልምድ እንዲቀስሙ ታዘዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ልዑካን ሰኞ ይገባሉ። ሰባት ናቸው። በደብዳቤያቸው ከሁሉ በፊት ማየት የሚፈልጉት ካርዱ የሚገባበትን አፍ ነው ብለዋል። ዛሬ ጠዋት አሮጌዋን ነቅዬ አዲስ ወረቀት ለጥፌበታለሁ።